ጎጆ ቀለሳ በካውቦይ አገር

«ዌስተርን» የሚባለው የአሜሪካ ምዕራብ ልቦለድ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የተሣለው በሲኒማ ነው፤ ፈረስ፣ ሽጉጥ፣ አቧራማ መንገድ፣ ፊት ለፊት ተፋጥጠው የቆሙ ሁለት ሰዎች። መጻሕፍቱን ገልጦ የሚያነብ ሰው ግን ተኩሱ ከጠበቀው ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። ብዙውን ገጽ የሚይዘው የትዳር ነገር ነው። ጎረቤት በሌለበት፣ ዛፍ በማይታይበት ሜዳ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሦስት ጉልቻ ጎልተው የበረዶውን ወራት መዝለቅ ይችሉ ይሆን? ከሽጉጡ ይልቅ የአንባቢን ልብ የሚያንጠለጥለው ይህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በተለይ የሚማርካቸው አንባቢዎች አሉ። በሰሜን አሜሪካ የመጻሕፍት ገበያ «የመሐል አገር ፍቅር» ሊባል የሚችል ዘውግ የራሱ መደርደሪያ አለው። ታሪኩ የሚፈጸመው በነብራስካ፣ በካንሳስ፣ በዳኮታ ወይም በካናዳ የስንዴ አገር ነው። ሰዎቹ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች፣ ሃይማኖታቸውን የሚያከብሩ፣ ቃላቸው ጥቂት፣ ፍቅራቸውም ቀስ ብሎ የሚበስል ናቸው። ዘውጉን በቅርብ ዘመን ያስፋፋችው ካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ ናት። በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የመጀመሪያ ልቦለዷ «ላቭ ከምስ ሶፍትሊ» ይባላል፤ ፍቅር ሳይታወቅ ቀስ ብሎ ይመጣል እንደማለት ነው። ማርቲ የምትባል ወጣት ከባሏ ጋር በጋሪ ወደ ምዕራብ ስትጓዝ ባሏ ይሞትባታል። በቀብሩ ዕለት ክላርክ ዴቪስ የሚባል ገበሬ ቀርቦ የጋብቻ ጥያቄ ያቀርባል። ነገሩ የፍቅር አይደለም። ሕፃን ልጁ እናት ያስፈልጋታል፣ ማርቲም መጠለያ የላትም። በስም ብቻ ባልና ሚስት ይሁኑና በጸደይ ወደ ምሥራቅ በሚመለሱት ጋሪዎች መሄድ ከፈለገች መንገዷን ይከፍልላታል። መጽሐፉ የሚተርከው እስከዚያ ጸደይ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው፤ ምግብ ማብሰል የማታውቅ ልጅ ዳቦ መድፋት ስትለምድ፣ ዝምተኛው ገበሬም ሳይናገር ሲረዳት። በ2003 ፊልም ሆኖ ከቀረበ ወዲህ የአንባቢዎቹ ቁጥር ይበልጥ ሰፍቷል።

ይህን መጽሐፍ የወደደ ሰው ሥሩን ፈልጎ ወደ ኋላ ቢሄድ የሚያገኘው ሀብት ብዙ ነው። ኦክ የተጠቀመችባቸው ነገሮች በሙሉ፣ ጋሪው፣ መበለቷ፣ ዝምተኛው ወንድ፣ በሥራ የሚገለጸው ፍቅር፣ ከእርሷ ሰባና ሰማንያ ዓመት ቀድመው በካውቦይ ልቦለዶችና በሰፋሪ ገበሬዎች ልቦለዶች ውስጥ ነበሩ።

ከነዚያ ታሪኮች ከብዙዎቹ በስተጀርባ አንድ ሕግ አለ። በ1862 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የፈረሙት የሆምስቴድ አዋጅ፣ ዕድሜው 21 የሞላ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው ጥቂት የመዝገብ ክፍያ ከፍሎ 160 ኤከር መሬት እንዲይዝ ፈቀደ። ይህ 65 ሄክታር ያህል ነው፤ በቀድሞው የኢትዮጵያ ልክ አንድ ጋሻ ተኩል ያልፋል። ግዴታው በመሬቱ ላይ ቤት ሠርቶ፣ አርሶ፣ አምስት ዓመት መኖር ነበር። በዚህ መንገድ ከጊዜ በኋላ 1.6 ሚሊዮን ያህል ይዞታዎች ተሰጥተዋል። ለልቦለድ ጸሐፊ ትልቁ ነገር የሕጉ ዝርዝር ነው። ያላገባች፣ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት በራሷ ስም መሬት መያዝ ትችላለች፤ ያገባች ሴት ግን በአብዛኛው አትችልም። ስለዚህ «ታገቢኛለሽ ወይ» የሚለው ጥያቄ በዚያ አገር የልብ ብቻ ሳይሆን የመሬትም ጥያቄ ነበር። የአምስት ዓመቱ ግዴታ ደግሞ ለፍቅር መለኪያ ሆነ። ግጥም መጻፍ ማንም ይችላል፤ የአምስት ዓመት የበረዶ ወራት ባልና ሚስት ሆኖ በአንዲት ክፍል ማሳለፍ ሌላ ነው።

ልቦለድ ባይሆንም የኤሊኖር ፕሩት ስቱዋርት ደብዳቤዎች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። ኤሊኖር በ1909 ትንሽ ልጇን ይዛ ከዴንቨር ወደ ዋዮሚንግ የሄደችው የአንድ ከብት አርቢ ቤት ልታስተዳድር፣ ጎን ለጎንም የራሷን መሬት ልታወጣ ነበር። ሳምንታት ሳያልፉ አሠሪዋን ክላይድ ስቱዋርትን አገባች። ለቀድሞ አሠሪዋ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ግን ጋብቻውን ቶሎ አልገለጠችም። ደብዳቤዎቹ በ1914 በመጽሐፍ ታተሙ፣ በ1979ም «ሃርትላንድ» ለተባለ ፊልም መነሻ ሆኑ። ልቦለዶቹ ከእውነተኛው ሕይወት ምን ያህል እንደተቀዱ ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ማመሳከሪያ አይገኝም።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። ነባር ሕዝቦች ለዘመናት የኖሩበት ነበር፤ ይህን ከሌሎቹ ቀድሞ የነገረው ታላቅ የምዕራብ የፍቅር ልቦለድም የሴት ሥራ ነው። ሄለን ሃንት ጃክሰን መንግሥት በነባር ሕዝቦች ላይ የፈጸመውን ክህደት የሚያጋልጥ የታሪክ መጽሐፍ በ1881 አሳትማ ነበር፤ ሰሚ ሲጠፋ የሰውን ልብ በፍቅር ታሪክ ለመክፈት ወሰነች። በ1884 የወጣው «ራሞና» የደቡብ ካሊፎርኒያ ታሪክ ነው። አባቷ ስኮትላንዳዊ፣ እናቷ ከነባሩ ሕዝብ የሆነች ወላጅ አልባ ልጅ በሜክሲካዊት እመቤት ቤት ታድጋለች፤ በግ ሊሸልት የመጣውን አሌሳንድሮን ትወዳለች። እመቤቲቱ ስትከለክል ሁለቱ ኮብልለው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጎጆ መቀለስና ማፍረስ ነው። አንዱ መንደር ላይ ቤት ሠርተው እርሻ ሲጀምሩ አዲስ ሰፋሪ መጥቶ ያስለቅቃቸዋል፤ ሌላው ዘንድ ሄደው እንደገና ይጀምራሉ፣ እንደገና ይነሣሉ። ልጃቸው ስትታመም ሐኪሙ ሊመጣ አይፈቅድም። አሌሳንድሮ በመጨረሻ አእምሮው ይነካል፣ ይገደላልም። ጃክሰን መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ሞተች። አንባቢዎቿ ግን ከግፉ ይልቅ በጽጌረዳው ቅጥርና በእመቤቲቱ ቤት ውበት ተማረኩ፤ የራሞናን «ቤት» ለማየት የሚጎርፈው ቱሪስት የጃክሰን ፍላጎት አልነበረም። ይህ የመጽሐፉ ጉድለት አይደለም፤ የአንባቢዎቹ ነው። ዛሬ የሚያነበው ሰው ታሪኩን ጸሐፊዋ እንዳሰበችው ሊያነብላት ይገባል።

የካውቦይ ልቦለድ መልኩን ያገኘው ግን በ1902 በወጣው በኦወን ዊስተር «ዘ ቨርጂኒያን» ነው። ዊስተር ካውቦይ አልነበረም። የፊላዴልፊያ ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ፣ በሃርቫርድ የተማረ፣ ለሙዚቃ ልቡ የተሰጠ ሰው ነበር፤ በ1885 ጤናው ታውኮ ለእረፍት ወደ ዋዮሚንግ ሲላክ አገሩ ልቡን ወሰደው። መጽሐፉን ያበረከተው ለወዳጁ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። ጀግናው በመጽሐፉ ሁሉ ስሙ አይነገርም፤ ከቨርጂኒያ የመጣ በመሆኑ ብቻ «ቨርጂኒያዊው» ይባላል። ተቃራኒው ሞሊ ዉድ ከቬርሞንት የመጣች መምህርት ናት። ቤተሰቧ ስመ ጥር ቢሆንም ሀብቱ ስላለቀ ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ትወጣለች። የተሳፈረችበት ጋሪ ወንዝ መካከል ሲንጋደድ ፈረሰኛው ብድግ አድርጎ ያወጣታል፣ ስሙንም ሳይናገር ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም የመተጫጨት ወግ ነው፤ ለፍቅር ልቦለድ አንባቢም የመጽሐፉ ጣዕም እዚህ ላይ ነው። ቨርጂኒያዊው በአንድ ግብዣ ላይ ወላጆች ሲጨፍሩ የተኙ ሕፃናትን ልብስና ቦታ ቀያይሮ አገር ያተራምሳል። ሞሊ ታሪኩን ሰምታ ትቆጣለች፤ ግን ከልቧ አይወጣም። እርሱ መጻሕፍት ይዋሳታል። ሼክስፒርንና ብራውኒንግን አንብቦ የራሱን ፍርድ ይሰጣል፤ አንዳንዴ ከመምህርቷ ፍርድ የተሻለ ይሆናል። ቆስሎ ወድቆ ስታገኘውም ቤቷ አስተኝታ ታስታምመዋለች። ቀስ በቀስ አስተማሪውና ተማሪው ይለዋወጣሉ። እርሷ ፊደሉን ታውቃለች፣ እርሱ አገሩን ያውቃል።

የመጽሐፉ ፈተና በሠርጉ ዋዜማ ይመጣል። የቆየ ጠላቱ ትራምፓስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማውን እንዲለቅ ይነግረዋል። ሞሊ ወደ ተኩሱ ከሄደ ነገ የሚባል ሠርግ እንደሌለ ታስጠነቅቀዋለች። እርሱም ይሄዳል። በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊልሞች የገለበጡት ይህን ትዕይንት ነው፤ ብዙዎቹ ግን ተኩሱን ወስደው የሞሊን ጥያቄ ጥለውታል። በዊስተር እጅ ዋናው ጥያቄ ማን ቀድሞ ይመታል የሚል አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው የቤት ራስ ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ነበር። የመጽሐፉ መዝጊያም ተኩሱ ሳይሆን ጥንዶቹ በተራራ ውስጥ ባለች ትንሽ ደሴት ድንኳን ተክለው የሚያሳልፉት ጫጉላ ነው። ልብ ብሎ ማንበብ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ አለ። ቨርጂኒያዊው የቅርብ ወዳጁን ስቲቭን በከብት ሌብነት ያለ ፍርድ ቤት ሲሰቅል ደራሲው ድርጊቱን ይደግፋል። በዋዮሚንግ በ1892 ባለ ብዙ ከብት ጌቶች ታጣቂ ቀጥረው በትንንሽ አርቢዎች ላይ መዝመታቸው በታሪክ የተመዘገበ ነው፤ ዊስተርም የቆመው ከጌቶቹ ጎን ነበር። የፍቅሩ ታሪክ ውብ ነው፣ የስቅላቱ ክርክር ግን አያሳምንም።

በ1906 በመጽሐፍ የወጣው «ቺፕ ኦቭ ዘ ፍላይንግ ዩ» ለዊስተር ወንዳዊ ዓለም ደስ የሚል መልስ ነው። ደራሲዋ በርታ ሙዚ ባወር በሞንታና ከብት አርቢዎች መካከል የኖረች ናት፤ በሽፋኑ ላይ የታተመው ግን የስሟ መነሻ ፊደላት ብቻ ስለነበሩ ብዙ አንባቢ ወንድ ትመስለው ነበር። ታሪኩ ውስጥ ወደ ምዕራብ የምትመጣው ወጣት ሐኪም ናት። ካውቦዩ ቺፕ ደግሞ በስውር ሥዕል የሚሥል ዓይን አፋር ነው። እግሩ ተጎድቶ ሲተኛ ቀለምና ሸራ የምታቀርብለት እርሷ ናት። ቀልዱ ብዙ፣ ደሙ ጥቂት፣ መጨረሻው የተሟላ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ሰፊ አንባቢ ያገኘው ዜን ግሬይ ነው። በኒው ዮርክ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ሙያውን የጠላ፣ ለመጻፍ የሚናፍቅ ሰው ነበር። በ1905 ያገባት ሊና ሮት፣ በቁልምጫ ስሟ ዶሊ፣ ያላትን ገንዘብ አውጥታ ወደ ምዕራብ እንዲጓዝ ረዳችው። በኋላም ዕድሜ ልኳን ጽሑፉን ያረመችና ከአሳታሚዎች ጋር የተዋዋለችው እርሷ ነበረች። የግሬይን ሥራ ያለ ዶሊ ማሰብ አይቻልም።

በ1912 የወጣው «ራይደርስ ኦቭ ዘ ፐርፕል ሴጅ» ታሪኩ የሚጀምረው በ1871 በደቡብ ዩታ፣ በሞርሞን እምነት ተከታዮች መንደር ነው። ጄን ዊዘርስቲን ከአባቷ ሰፊ መሬት፣ ከብትና የመንደሩ ሕይወት የሆነውን የውኃ ምንጭ የወረሰች ሴት ናት። የሃይማኖቱ አለቆች ከመካከላቸው አንዱን እንድታገባ ይጫኗታል፤ ከእርሷ ጋር የሚመጣው ውኃ ነውና ነገሩ ሁሉ ይገባል። ሊገርፉት የያዙትን፣ እምነታቸውን የማይከተል ከብት ጠባቂዋን ቬንተርስን ለማዳን ስትጸልይ ጥቁር የለበሰው ላሲተር ከሜዳው ብቅ ይላል። ላሲተር በገዳይነቱ የታወቀ፣ የእህቱን መጨረሻ ፍለጋ ዓመታት የተንከራተተ ሰው ነው። ጄን መጀመሪያ ልትማርከው የምትሞክረው ወገኖቿን እንዳይገድል ሽጉጡን ለማስጣል ብላ ነው፤ ከዚያ ሳታስበው ልቧ ራሱ ተማርኮ ታገኘዋለች። በሌላ በኩል ቬንተርስ ጭምብል ያጠለቀ ሽፍታ መስሎት የሚመታው ሰው ልጃገረድ ሆኖ ይገኛል። ማንም በማያውቀው የተደበቀ ሸለቆ ውስጥ ወስዶ ያስታምማታል። በዚያ ሸለቆ ያሉት ምዕራፎች የግሬይ ምርጥ ገጾች ናቸው፤ ሁለት ወጣቶች ከዓለም ተለይተው፣ ጎጆ ሠርተው፣ ወፍና ጥንቸል አይተው ይድናሉ። የግሬይ ቋንቋ አልፎ አልፎ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ስለ ሞርሞኖች የሰጠው ሥዕልም ሚዛን የጎደለው ነው። በመጨረሻው ትዕይንት ጄን ስለ አንድ ድንጋይ የምትወስነው ውሳኔ ግን ከፍቅር ልቦለድ ሁሉ ከማይረሱት አንዱ ነው፤ ላላነበበ ሰው ሳይነገር መቅረቱ ይሻላል።

ዊላ ካተር ከእነዚህ ሁሉ ከፍ ትላለች። በ1873 በቨርጂኒያ ተወልዳ በዘጠኝ ዓመቷ ቤተሰቧ ወደ ነብራስካ ሲሄድ ያየችው ሜዳ ዕድሜ ልኳን አልለቀቃትም። ጎረቤቶቿ ከስዊድን፣ ከቦሄሚያ፣ ከኖርዌይ የመጡ፣ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይናገሩ ስደተኞች ነበሩ። ከእርሷ በፊት እነዚህን ሰዎች የልቦለድ ዋና ባለታሪክ ያደረጋቸው ጸሐፊ ጥቂት ነው። በባዕድ አገር ቋንቋ ሳያውቅ ኑሮ የጀመረ ሰው የካተርን ገጾች ለማመን ምስክር አያስፈልገውም።

በ1913 በወጣው «ኦ ፓዮኒርስ!» ውስጥ የስዊድናዊው ሰፋሪ የጆን በርግሰን ሞት አልጋ አጠገብ ወንዶች ልጆች ቆመዋል፤ መሬቱን የሚመራው ማን ይሁን ሲባል ግን አባት የሚመርጠው ሴት ልጁን አሌክሳንድራን ነው። ድርቅ ሲመታ ጎረቤቶች እየሸጡ ይሰደዳሉ። ከነሱ መካከል ብቸኛ ወዳጇ ካርል ሊንስትረም አለ። እርሷ ግን ያላቸውን አስይዛ የሚሄዱትን ሰዎች መሬት ትገዛለች። አባቷ ከሞተ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ካርል ባዶ እጁን ሲመለስ አሌክሳንድራ የአካባቢው ባለጸጋ ሆናለች። ወንድሞቿ በአርባ ዓመቷ ሊያገባት የመጣው ሰው ለሀብቷ ነው ብለው ይዘምታሉ፤ ቁጣቸው ስለ ክብሯ ሳይሆን ልጆቻቸው ስለሚወርሱት መሬት መሆኑን ካተር ያለ ምንም ጩኸት ታሳያለች። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ሌላ፣ የጋለ ፍቅር አለ፤ የታናሽ ወንድሟ የኤሚልና የባለትዳሯ የማሪ። ይህ ፍቅር በአንድ ነጭ የእንጆሪ ዛፍ ሥር በደም ያበቃል። ሁለቱ ፍቅሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የካተር ሐሳብ ይገለጣል። የሚዘልቀው የእሳቱ ሳይሆን የፍሙ ፍቅር ነው። የአሌክሳንድራና የካርል መጨረሻ የሁለት የደከሙ ወዳጆች እጅ ለእጅ መያያዝ ነው፤ በዘውጉ ሁሉ ከዚህ የበለጠ የጎለመሰ የፍቅር ስምምነት የለም።

በ1918 የወጣው «ማይ አንቶኒያ» ደግሞ ጋብቻ ላይ የማይደርስ ፍቅር ነው። ጂም በርደን የቦሄሚያ ስደተኛዋን አንቶኒያን በልጅነቱ ያውቃታል፤ አባቷ በአገር ናፍቆትና በችግር ራሱን ሲያጠፋ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ አንድ ወስላታ አስረግዟት ሲከዳት። ጂም ተምሮ ጠበቃ ይሆናል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲመለስ አንቶኒያ ጥርሷ የረገፈ፣ ፊቷ የጠቆረ፣ ግን በልጆች የተከበበች የእርሻ እመቤት ናት። የፍራፍሬ ማከማቻውን አሳይተውት ሲወጡ ልጆቿ ከጨለማው ወደ ብርሃኑ አንዱ ካንዱ እየተጋፉ ሲፈልቁ የሚያሳየው ቦታ አለ፤ ያንን ያነበበ ሰው ጎጆ መቀለስ ምን እንደሆነ በሌላ መጽሐፍ አይፈልግም።

የካተር መጽሐፍ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ጥቁር ገበሬም የራሱን የሜዳ ፍቅር ጽፎ ነበር። ኦስካር ሚሾ በባቡር አስተናጋጅነት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ በደቡብ ዳኮታ መሬት የያዘ ሰው ነው። መጻሕፍቱን ራሱ አሳትሞ በየቤቱ እየዞረ ይሸጥ ነበር። በ1917 የወጣው «ዘ ሆምስቴደር» በነጮች መካከል ብቻውን የሚያርስ ጥቁር ሰውና በጎረቤት ያለች፣ ነጭ ናት ብሎ የሚያምናት ልጅ የሚዋደዱበት ታሪክ ነው፤ ሕግና ወግ መካከላቸው ይቆማል። መጽሐፉ እንደ ካተር የተጣራ አይደለም፣ ግን ከሕይወት የተቀዳ ነው። በ1919 ራሱ ፊልም አደረገው፤ በጥቁር አሜሪካዊ የተዘጋጀ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም እርሱ ነው። የታሪክ ሰዎች ከአራት ካውቦዮች አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበር ይገምታሉ፤ በልቦለዱ መደርደሪያ ላይ ግን ሚሾ ብቻውን የቆመ ያህል ነው።

ለጃኔት ኦክ አንባቢ የቅርብ ዘመድ የሚሆነው የቤስ ስትሪተር አልድሪች «ኤ ላንተርን ኢን ኸር ሃንድ» ነው፤ በ1928 ወጣ። አልድሪች በ1925 ባሏ ድንገት ሞቶባት አራት ልጆች በብዕሯ ያሳደገች የነብራስካ ሴት ናት። ባለታሪኳ አቢ ዲል ድምፀ መልካም፣ ለመዝሙርና ለሥዕል የታደለች ልጃገረድ ናት። ወደ ኒው ዮርክ ወስዶ ሊያስተምራት የሚፈልግ ሐኪም እያለ የገበሬውን ልጅ ዊልን ታገባለች፤ በጋሪ ወደ ነብራስካ ይሄዳሉ። እንጨት በሌለበት አገር ቤት የሚሠራው ሥሩ ከተያያዘ ሣር ጋር እንደ ጡብ እየተቆረጠ በሚነሣ አፈር ነው። በ1874 የአንበጣው መንጋ መጥቶ ያጨዱትንም ያላጨዱትንም ይበላል። አቢ ዘፈኗን ለነገ እያለች ታሳድራለች፤ ነገ ግን ሌላ ልጅ፣ ሌላ ሥራ ይዞ ይመጣል። ልጆቿ ደግሞ እርሷ የተመኘችውን አንድ በአንድ ይሆናሉ። አልድሪች አታላቅስም፣ አትሰብክም፤ ያለፈውን ዕድል ዋጋም አታሳንስም። በዚያው ዘመን ኤድና ፈርበር በ«ሲማሮን» በ1889 በኦክላሆማ በአንድ ቀን ሩጫ መሬት ስለተያዘበት ጊዜ ጻፈች፤ እዚያ የሚሄደው ባል፣ ቆማ ጋዜጣውንም ቤቱንም የምትመራው ሚስት ናት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካውቦይ ልቦለድ በርካሽ እትም በገፍ ሲታተም ብዙው ወደ ተኩስ አዘነበለ። በ1949 የወጣው የጃክ ሼፈር «ሼን» ልዩ ነው። በእንግድነት የመጣው ሽጉጠኛና የአስተናጋጁ ሚስት ማሪያን ይዋደዳሉ፤ አንድም ቃል ግን አይናገሩም። ታሪኩን የሚነግረው ልጅ ያልገባው ነገር ለአንባቢው ይገባዋል።

ከዚህ ዘመን ለፍቅር አንባቢ የሚመከረው የሉዊ ላሞር «ኮናገር» ነው፤ በ1969 ወጣ። ላሞር ከሰማንያ በላይ ልቦለድ የጻፈ፣ በተኩስ ታሪክ የታወቀ ደራሲ ነው፤ ይህ መጽሐፉ ግን የብቸኝነት ታሪክ ነው። ኢቪ ቲል ባሏ ከብት ሊገዛ ሄዶ ቀረባት። በመንገድ እንደሞተ አታውቅም። ከእንጀራ ልጆቿ ጋር በበረሃ ቤት ቀርታ ለመንገደኛ ጋሪዎች ምግብ እያዘጋጀች ትኖራለች። የሚያናግራት ስታጣ በቁራጭ ወረቀት ላይ የልቧን ጽፋ በነፋስ ከሚንከባለል ደረቅ ቁጥቋጦ ላይ አስራ ትለቀዋለች። ማዶ ከብት የሚጠብቀው ድሃ ካውቦይ ኮን ኮናገር እነዚያን ወረቀቶች አንድ በአንድ ያገኛል፤ የማን እንደሆኑ ሳያውቅ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ሁለቱ በአካልም ይተዋወቃሉ፣ ግን ጸሐፊዋ እርሷ መሆኗን አይጠረጥርም። ከዚህ የተሻለ የፍቅር ሐሳብ ላሞር አልጻፈም።

እነዚህን መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። አንደኛው፣ ከ«ራሞና» በቀር አብዛኞቹ ነባር ሕዝቦችን ወይ ጠላት፣ ወይ ጥላ አድርገው ያልፏቸዋል፤ ይህ የዘመኑ ብቻ ሳይሆን የመጻሕፍቱም ጉድለት ነው። ሁለተኛው ቋንቋው ነው። ዊስተር፣ ባወርና ግሬይ የካውቦዮቹን ንግግር እንደተሰማ ፊደሉን አዛብተው ይጽፉታል፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ይረዳል። የካተርና የላሞር እንግሊዝኛ ንጹሕና አጭር ነው፤ ቋንቋውን በንባብ ለሚለማመድ ሰው ይመቻል። ከ1930 በፊት የታተሙት በአሜሪካ የቅጂ መብታቸው ስላበቃ በጉተንበርግ ፕሮጀክትና በመሳሰሉት የበይነ መረብ ቤተ መጻሕፍት አብዛኞቹ በነጻ ይገኛሉ። ጃኔት ኦክን የወደደ አንባቢ በ«ኤ ላንተርን ኢን ኸር ሃንድ» ቢጀምር እንግድነት አይሰማውም፤ ሳቅ የፈለገ «ቺፕ ኦቭ ዘ ፍላይንግ ዩ»ን፣ ፈረስና ሩጫ የፈለገ ግሬይን ያንሣ። ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ጊዜ ያለው ሰው ግን «ኦ ፓዮኒርስ!»ን ያንብብ።